ያቺ የመሰላል ድምፅ

ከተማችን በምርጫ ጊዜ ሁለት ልብ የላትም። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወጣው አስፋልት ግራና ቀኝ የተደረደረች ትንሽ ከተማ ናት፤ አብዛኛው መኪና ፍጥነት ሳይቀንስ ያልፋታል። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ እድር አላት። ድምፅም ያላት አንድ ነው። ምርጫ ሲቃረብ "ማንን ትመርጣለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። የሚጠየቀው "ምን ተባለ?" ነው። የተባለው ነገር ከቅዳሴ መልስ ይጀምር ወይ ከወፍጮ ቤት ማንም አያውቅም፤ ሳምንት ሲቀረው ግን ሁሉም ሰምቶታል። አንድ ጊዜ ሁላችንም ወደዚህ መረጥን፣ በሌላ ጊዜ ሁላችንም ወደዚያ። ዙሪያችን ያሉ ከተሞች እርስ በርስ ሲከፋፈሉ እኛ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያልን እንኮራለን። የታሰረ አንበሳ ግን እስካሁን አላየሁም።

እኔ የዚህች ከተማ አማች ነኝ። በመምህርነት ተመድቤ መጣሁ፣ የእድሩን ዳኛ ልጅ አገባሁ፣ እዚያው ቀረሁ። አማቼ፣ የሚስቴ አባት፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ የተጣላ ሳያስታርቁ እህል የማይቀምሱ። ክፋታቸው ለሰው የሚበጀውን ከሰውየው በላይ የሚያውቁ የሚመስላቸው መሆኑ ብቻ ነው። "የተባለው" ነገር ከእሳቸው አፍ ባይጀምርም እሳቸው ጋ ሳይደርስ አይጸናም።

ከኔ ሌላ ባዳ የሚባሉት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ከጭልጋ በኩል የመጡ ናቸው። እኔ ከተማዋን ስረግጥ እሳቸው ሃያ ዓመት ያህል ኖረውባት አሁንም "እንግዳው ሰውዬ" ይባሉ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ በምታስቀምጥ የጭቃ ቤት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይውላሉ፤ ተማሪ አርፍዶ ሲመጣ ከመቆጣታቸው በፊት ቁርስ መብላቱን ይጠይቁታል። እኔ "አያ" ነው የምላቸው። ወሬያቸውን እወድ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ደብተር ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ።

"መምህር፣ ፊደል ታስቆጥረኛለህ?"

"ምነው አያ፣ አሁን ምን አስፈለገዎት?"

"በፊርማ ፋንታ ጣት ማስነካት ሰለቸኝ። ጣት እኮ የማንም ነው፤ የታመመ ሰው እንኳ ክንዱን ይዘው ያስነኩታል። ጽሕፈት ግን ራስህ ካልጻፍኸው አይጻፍም።"

አስተማርኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት ሲያበቃ፣ በዚያች ጭቃ ቤት። እጃቸው ማረሻ የለመደ ስለሆነ እስክሪብቶውን እንደ እርፍ ይጫኑት ነበርና ብዙ ወረቀት ቀደድን። በመጨረሻ ግን ስማቸውን እስከ አያታቸው ያለ ስሕተት ጻፉ፤ የዕለቱን ወንጌልም ቀስ ብለው ያነቡ ጀመር። ስማቸውን አሟልተው የጻፉ ዕለት ሚስታቸው እንቁላል ቀቅለው ላኩልኝ። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም፤ ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ።

ባለፈው ምርጫ ለከተማችን የተባለው "እንስራ" ነበር። የእንስራ ምልክት ይዞ የቀረበው የአገሩ ልጅ ነው፤ ለአማቼም የወንድም ልጅ ይሆናል። ሌላው ተወዳዳሪ ምልክቱ መሰላል ነበር፤ ከታች ከቆላው የመጣ፣ ድምፁ የማይሰማ ቀጭን ሰው። ሁለቱም በየተራ ሕዝብ ሰብስበው ሲያነጋግሩ እኔ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ከደረቀ ዓመታት ሆኖታል፤ ውሃው መቼ ይመጣል አልሁ። ባለ እንስራው "ለመስከረም!" አለና ተጨበጨበለት። ባለ መሰላሉ ግን "አላውቅም። ጠይቄ እነግራችኋለሁ" አለ። ሰው ሳቀ። "የማያውቅ ሰው ምን ሊያደርግልን መጣ?" አሉ አማቼ፣ እኔም ከሳቁት ጋር ሳቅሁ።

ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ዝናቡ ሲያወርደው፣ ያ ሰው በእግሩ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው አስገብተው የራሳቸውን ጋቢ አለበሱት፣ ቆሎ ሰጡት፣ እኔን አስጠሩኝ።

"ጠየቅሁ" አለኝ። "በእቅድ ውስጥ የለም። ዘንድሮም ለከርሞም ውሃ አይመጣም። የጠየቅኸኝ አንተ ስለሆንህ ልነግርህ ነው የመጣሁ።"

ቆሎውን ጨርሶ ሄደ። ምረጡኝ እንኳ አላለም። ይመጣል ያለኝ ሰው በዕድሜዬ ብዙ ነው፤ "የለም" ብሎ ሊነግረኝ በዝናብ የመጣ ግን እሱ ብቻ ነው። ያን ዕለት እሱን ለመምረጥ ቆረጥሁ። ለሚስቴ እንኳ አልተናገርሁም።

ድምፅ የተሰጠው እዚያው ትምህርት ቤት፣ እኔ በማስተምርበት ክፍል ነው። ከጥዋት ጀምሮ ሰልፍ ነበር። ሁሉም ስሙን አስመዘገበ፣ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ የማይለቀውን ቀለም ተቀባ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መጋረጃው ገባ። እኔም ገባሁ። እስክሪብቶው በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ መጻፍ ለማይችል የተቀመጠ የአሻራ ቀለም አለ። እስክሪብቶውን አንስቼ መሰላሉ ላይ ላደርግ ስል እጄ ቆመ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። የኔን ኤክስ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አንደኛው እግሯ ረዘም ብሎ ወደ ታች የሚጠመዘዝ፣ ጅራት ያላት ኤክስ ናት። በየቤቱ ባለ ደብተር ላይ ዓመቱን ሙሉ በቀይ ስስላት የኖርሁ ነኝ፤ ልጆቹ "የመምህር ጅራት" ነው የሚሏት። ድምፁን የሚቆጥሩት ባልደረቦቼ ናቸው፣ ታዛቢዎቹ ደግሞ የተማሪዎቼ አባቶች። ጅራቷን ልቁረጣት ብዬ አሰብሁ፤ የፈራ እጅ ግን የለመደውን ነው የሚጽፈው። ያን ጊዜ ዓይኔ የአሻራው ቀለም ላይ ዐረፈ። የቀኝ አውራ ጣቴን ነከርሁና መሰላሉ ላይ ጫንሁት።

በጣት የሚመርጥ ሰው ሞልቷል፤ መምህርን የሚጠረጥር ማንም የለም ብዬ አሰብሁ። በዚያች ደቂቃ በብልጠቴ መደሰቴን ዛሬ ሳስታውስ ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ። ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ ጣቴን ጨብጬ፣ በጓሮ ዞርሁ። ከዘበኛው ቤት ኋላ ከምንጭ የቀዱት ውሃ በጄሪካን ነበር። ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ ጣቴን በጭቃ አሸሁት፣ በውሃው አጠብሁት፣ ወጣሁ። በሩ ላይ ዘበኛው ቆመው ነበር።

"ኤክስ ነው ያደረግሁት" አሉኝ፤ ፊታቸው በርቷል። "በገዛ እጄ። ሸጋ ኤክስ!"

"ጎበዝ አያ" አልኋቸው።

በማግስቱ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሁሉም እንስራ ነው። ከሥሩ መሰላል፣ አንድ።

ባትኖር ይሻል የነበረች አንድ ናት። ዐሥር ብትሆን ሰው ይረሳት ነበር፤ አንዲት ብቻዋን ስትሆን ግን እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ ሆነች። ቆጠራው ላይ ከነበሩት አንዱ አላስቻለውም፤ "በጣት ነው" የሚል ወሬ ወጣ። ባለ እንስራው አሸንፏል፣ ማንም የጎደለበት የለም፤ ከተማው ግን ቤቱ ሌባ የገባበት መሰለው። ወፍጮ ቤት ሌላ ወሬ ጠፋ።

የእድሩ ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለው ሜዳ ነው። መዋጮው ተሰበሰበ፣ የታመመ ተጠየቀ፤ ከዚያ አማቼ ተነሡ።

"አውጫጭኝ ቀርቷል ያለው ማነው?" አሉ፣ እየሳቁ።

አውጫጭኝ የአባቶቻችን ወግ ነው። በሬ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አማቼ የጀመሩት በጨዋታ ነበር፤ ሰውም በጨዋታ ነው የተቀበላቸው። ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ድምፅ ምስጢር ነው እኮ" ቢል፣ "ምስጢር ነው ያለው መንግሥት ነው፤ እኛ ቤተሰብ ነን" አሉት።

ከጫፍ ተጀመረ። "እንስራ።" "እኔም እንስራ።" "ሌላ ምን ልመርጥ፣ እንስራ።" የኔ ተራ ሲደርስ ምላሴ አልተሳሰረም፣ አልጨነቀኝም። "እንስራ" አልሁ፤ ስም ስጠራ አቤት እንደሚል ተማሪ። አማቼ በኩራት ነቀነቁልኝ።

ዙሩ አልቆ የወጣ ነገር ሲጠፋ ጨዋታው እየመረረ ሄደ። አንዱ "በጣት ነው ተብሏል፣ መጻፍ የማይችለውን እንለይ" አለ። ሌላው ያ ባለ መሰላል ሰው በዝናቡ ቀን የማን ቤት ገብቶ ቆሎ እንደበላ አስታወሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ዞረ። "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፣ ተዉት" ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሰማቸው የለም።

ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

"እንግዳ ቤቴ ሲመጣ አስገብቻለሁ፤ ወደፊትም አስገባለሁ። የመረጥሁት ግን እናንተ የመረጣችሁትን ነው፣ እንስራ። ደግሞ ጣት አላስነካሁም። መጻፍ እችላለሁ። ኤክስ ነው ያደረግሁት። መምህሩ አስተምሮኛል፤ ጠይቁት።"

ሳቅ ሆነ። በዚያ ዕድሜ ፊደል መማር ለሰዉ ቀልድ ነበር። አማቼ ወደኔ ዞሩ።

"እውነት ነው? ሰውየው መጻፍ ይችላሉ?"

ሁለት ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። "አዎ፣ ይችላሉ" ብል ያበቃ ነበር። ሰው ያቺን ድምፅ ሌላ ቦታ ይፈልጋታል፣ ወይም ደክሞት ይተዋታል። ግን እሳቸው ከተጠርጣሪ ሲወጡ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ቦታ ማንን ሊጠራ እንደሚችል ፈራሁ። ቆሎው ሲበላ ከጎኑ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። የአማቼ ፊት ታየኝ፣ የሚስቴ ፊት ታየኝ። እንዲህም አልሁ፦

"ፊደል ጀምረው ነበር።"

ሐሰት አይደለም። ጀምረው ነበር። ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚብስ ውሸት ግን በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

"ጀምሮ ነበር!" አለ አንዱ፣ ሳቁም ደገመ። "እንግዲያ ጭቃው ላይ ይጻፍና ያሳየን!" አለ ሌላው። ዘበኛው ወደኔ ረዘም አድርገው አዩ። በዓይናቸው ቁጣ አልነበረም፤ እየጠበቁኝ ነበር። ከዚያ፣ "መምህሬ ካልመሰከረልኝ ጭቃ ላይ ምን ልጭር?" ብለው ተቀመጡ።

ማንም አልመታቸውም፣ ከእድር አላወጣቸውም። ከተማችን እንዲያ ያለ ነውር አታደርግም። ሰላምታ ብቻ አጠረባቸው። "እንዴት አደሩ"ን የሚያስከትሉት የልጅ፣ የከብት፣ የጤና ጥያቄዎች ቀሩ። ጠበል ጠዲቅ ሲኖር ይጠራሉ፤ ሲገቡ ግን ጨዋታው ይቆማል። እኔም በሥራ ሰበብ ከሰዓት በኋላ ወደዚያች ጭቃ ቤት መሄድ ተውሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኸ ነው።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ሚስታቸው ሞቱ። እድሩ ደንቡን ጠብቋል፤ መቃብር ተቆፈረ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ቀብሮ ተመለሰ። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ግን ጠፋ። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ሰው ተጨናንቆ፣ ሐዘንተኛውን በወሬ ይዞ፣ ብቻውን እንዳይሆን ያደርገዋል። እሳቸው ግን በሁለተኛው ቀን፣ ያን ሁሉ ባዶ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊታቸው አድርገው፣ ጉልበታቸውን ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። ይህን ያየሁት ከመንገድ ማዶ ሆኜ ነው። በማግስቱ ገና ሰው ሳይነሣ ገባሁ፣ "እግዜር ያጽናዎት" አልሁ፣ ሳልቀመጥ ወጣሁ። ያን እንቁላል ቀቅለው የላኩልኝ ሴት ለቅሶ ላይ አልተቀመጥሁም። ሚስቴ ምግብ ልካ ነበር፤ ምን እንደላከች እንኳ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ብዙ ነገር አየ፤ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትም ጊዜ ነበር። ዘበኛው ሁሉንም በዚያች በር ላይ ሆነው አሳለፉት። በዚህ ዓመት ጡረታ ወጡና ወደ ጭልጋ፣ ወደ እኅታቸው ልጆች ሊመለሱ ተነሡ። ቁልፍ ሲያስረክቡ የምረከበው እኔ ነበርሁ፤ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኛለሁ። ለፍርሃቴ የተሰጠኝ ሹመት ይመስለኛል አንዳንዴ።

ጸሐፊዋ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ልጅ ናት። የርክክቡን ወረቀት አስቀመጠችና፣ ነጠላቸውንና ዱላቸውን አይታ፣ የአሻራውን ቀለም ገፋ አደረገችላቸው።

"መጻፍ ይችላሉ" አልሁ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፉ። አንድም ፊደል አልጎደለ፤ ወረቀቱም አልተቀደደ።

ዕቃቸውን ይዤ አውቶብስ እስከሚቆምበት ሸኘኋቸው። መንገድ ዳር ስንቆም፣ አሁን ካላልሁት መቼም አልለውም ብዬ፣ "አያ፣ ያቺ የመሰላል ድምፅ የኔ ናት" አልኋቸው።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ከቤቴ ጓሮ፣ በኔ ውሃ፣ ጣትህን ስታጥብ በመስኮቱ አይቼሃለሁ። ያን ዕለት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እሑድ 'በጣት ነው' ሲሉ ገባኝ።"

"ታዲያ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምነው ዝም አሉ? ምነው እሱ ነው ብለው አላወጡኝም?"

"ለምን አወጣሃለሁ? ያስተማርኸኝ ሰው!" አሉ፣ የተቆጡ ያህል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ እኮ ራስህን አውጣ አላልሁህም፣ መምህር። መጻፍ ይችላሉ በልልኝ ነው ያልሁህ። እሷን ብትላት ለሁለታችንም ትበቃን ነበር። ልጄ፣ እሷን እንኳ?"

አውቶብሱ መጣ። ዕቃቸውን አቀበልሁ፤ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝና ገቡ። እሷን እንኳ ያሉትን ይዤ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ዘንድሮም ስለ ምርጫ ይወራል። አሁንም ሰዉ "ምን ተባለ?" እየተባባለ ነው። ባለፈው እሑድ አማቼ ቤት ምሳ ስንበላ የዱሮው ነገር ተነሣና፣ "እንግዳው ሰውዬም ሄደ፤ እንግዲህ ድምፃችን አንድ ይሆናል" አሉ። ሚስቴ ሣቀች። እኔ እንጀራ እየቆረስሁ ነበር፤ መቁረሴን ቀጠልሁ።

ይህን ስጽፍ የከተማዋንም፣ የሰውየውንም፣ የራሴንም ስም አልጠራሁም። የሚያነብ ሰው ለእነሱ ክብር ብሎ ነው ሊል ይችላል። አይደለም። ዛሬም እፈራለሁ።